የአንበጣ ወሬ የአንድ አገር ሀብት አይደለም

አንበጣ የይለፍ ወረቀት ሳይዝ ከአገር ወደ አገር የሚሻገር የእህል ጠላት ነው። የበረሃ አንበጣ መንጋ ነፋሱን ተከትሎ በአንድ ቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋም በቀን 35,000 ሰዎች የሚመገቡትን ያህል ይበላል። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ ብቻ 167,000 ቶን እህል እንዳጠፋ ተገምቷል፤ ይህም ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ የዓመት ቀለብ የሚበቃ ነበር። ስለዚህ አንድ አገር የራሱን ወሰን ብቻ እየጠበቀ ሊከላከለው አይችልም።

ይህን ጠላት ለመመከት ከመድኃኒቱ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ወሬ ነው። ከእ.ኤ.አ. 1929 ጀምሮ በሊቁ በቦሪስ ኡቫሮቭ መሪነት ከብዙ አገሮች ወደ ለንደን የሚላከው የአንበጣ ወሬ፥ ቀኑና ቦታው እየተመዘገበ በካርታ ላይ ይሠፍር ጀመር። መዝገቡም ለሰብሳቢዎቹ ብቻ አልቀረም። አር. ሲ. ሬይኒ የተባሉ ተመራማሪ የመንጋዎቹን መዝገብ ከአየር ጠባይ ካርታ ጋር አስተያይተው፥ መንጋ በነፋስ እየተገፋ ነፋሳት ወደሚገናኙበትና ዝናብ ወደሚጥልበት ስፍራ እንደሚሄድ እ.ኤ.አ. በ1951 አስታወቁ። ነፋሱን የመዘገበውና መንጋውን ያየው የማይተዋወቁ ሰዎች ነበሩ፤ ጽሑፋቸው በአንድ ገበታ ላይ ሲቀርብ ግን አንዱ ብቻውን ያላወቀው ነገር ተገለጠ።

ከዚህም በኋላ የምሥራቅ አፍሪካ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ ላይ በተፈረመ ስምምነት የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅትን አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. ከ1978 ወዲህም በሮም የሚገኘው የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የሁሉንም አገሮች ወሬ እየሰበሰበና እየመረመረ ለሁሉም መልሶ ያድላል። ዛሬ በበረሃ የሚዘዋወረው ሠራተኛ የዝናቡን፥ የለምለሙን ሣርና የኩብኩባውን ሁኔታ ከቆመበት ስፍራ በሳተላይት ያስተላልፋል።

የወሬ መቋረጥ ምን ያህል እንደሚጎዳ የቅርቡ ዘመን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በግንቦትና በጥቅምት 2018 ሁለት ዐውሎ ነፋሶች በዓረብ ምድር፥ ባዶው ሩብ በሚባለው በረሃ ላይ ዝናብ አወረዱ። ስፍራው ጠፍ ስለሆነ ተመልካች አልነበረም፤ አንበጣውም ሳይታይ ሦስት ትውልድ ተራባ። በየመን የነበረውም ጦርነት ቅኝቱንና መከላከሉን አሰናከለ። መንጋው እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ ኢትዮጵያና ወደ ሶማሊያ ተሻገረ፤ በ2020 ደግሞ ኬንያ በ70 ዓመት ውስጥ ያላየችው መቅሠፍት ደረሰባት።

ስለዚህ «አንበጣ አልታየም» የሚለው ቃል እንኳ ጠቃሚ ወሬ ነው፤ የታየውን ስፍራ ካልታየው ለመለየት ይረዳልና። ባላገሩም ኩብኩባ ባየ ጊዜ፥ ክንፍ አብቅሎ ከመነሣቱ በፊት፥ ቀኑንና ቦታውን ለእርሻ ሠራተኛው ሳይዘገይ ቢያስታውቅ፥ የራሱን ማሳ ብቻ ሳይሆን የማያውቀውን የጎረቤት አገር ገበሬ ማሳ ጭምር ያድናል።