መስታወት የማያሳየው ደም

ጠዋት ተነስታችሁ መስታወት ስታዩ የዓይናችሁ ነጭ ደም ለብሶ ብታገኙት መደንገጣችሁ አይቀርም። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሳል ወይም ማስነጠስ የበጠሳት ቀጭን የደም ሥር ናት፤ ደሙ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ራሱ ይጠፋል። የሚያሰጋው ሌላው ነው፤ ከውጭ የማይታየው፣ የማያመው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከዓይን ሌንስ ጀርባ ያለውን ሰፊ ቦታ የሚሞላ ጥርት ያለ ዝልግልግ ነገር አለ፤ ሐኪሞች ቪትረስ ይሉታል። 4 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፣ ከሞላ ጎደል ውኃ። ብርሃን ሳይጋረድ ከዓይን ኋላ ባለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ በሬቲና ላይ፣ እንዲያርፍ የራሱ የደም ሥር የለውም። ስለዚህ እዚያ ደም ከታየ ከሌላ ቦታ የፈሰሰ ነው። ከየት? ሐኪሙን የሚያስጨንቀው ከደሙ ይልቅ ይህ ጥያቄ ነው።

ብዙ ጊዜ መልሱ ስኳር ነው። በሽታው ሲቆይ የሬቲና ጥቃቅን የደም ሥሮች ይደፈናሉ። ኦክስጅን የጠማው ሬቲና ቪኢጂኤፍ የተባለ ፕሮቲን እየረጨ አዳዲስ የደም ሥር ያስበቅላል። ጉዱ እዚህ ላይ ነው፦ አዲሶቹ ስሶች ናቸው፣ የሚያድጉትም ቪትረሱን ተደግፈው ነው፤ እሱ ሳብ ባደረጋቸው ቁጥር ይበጠሳሉ። ስኳር የሌለበትም ሰው አይተርፍም። ዕድሜ ሲገፋ ቪትረስ ከሬቲና ይላቀቃል፤ በአብዛኛው በሰላም፣ አንዳንዴ ግን ሬቲናውን ቀዶት። ቅዳዱ በጊዜ ካልተዘጋ ሬቲናው ራሱ ከቦታው ይነሳል፤ ያኔ ቀን መቁጠር አያዋጣም።

ታማሚው ድንገት ጥቋቁር ነጠብጣብ፣ የሸረሪት ድር ወይም ቀላ ያለ ጭስ ያያል። ሲተኛ ደሙ ወደ ኋላ ስለሚረጋ ጠዋት ይብስበታል። ሐኪሙ ጠብታ አድርጎ ብሌኑን ያሰፋና ወደ ውስጥ ያያል፤ ደሙ ከጋረደው በተከደነው ዓይን ላይ አልትራሳውንድ ያሳርፋል።

ቅዳድ ከሌለ አንዳንዴ ሕክምናው መጠበቅ ነው፤ ጭንቅላትን በትራስ ከፍ አድርጎ መተኛት፣ ለሳምንታት። ለስኳሩ ዓይን ቪኢጂኤፍን የሚገታ መርፌ አለ፣ ኦክስጅን የተራበውን የሬቲና ጠርዝ የሚተኩስ ሌዘርም አለ።

አልጠራ ያለውን ደምስ? ድሮ ተስፋ አልነበረውም፤ ቪትረሱን መንካት ዓይንን ማጥፋት ይመስል ነበር። ሮበርት ማኸመር የተባለ ሐኪም በአሜሪካ ማያሚ መላውን ከእንቁላል ጀመረ። እንደ ቪትረስ ዝልግልግ የሆነውን የእንቁላሉን ነጭ በትንሽ ቀዳዳ እየቆረጠ የሚመጥ፣ በምትኩ ፈሳሽ የሚሞላ መሣሪያ ሠርቶ ቤቱ መኪና ማደሪያ ውስጥ ይሞክር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 በታማሚ ዓይን ላይ ተሳካለት። ዛሬ የመሣሪያው ጫፍ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም አይዘልም፤ ቀዳዳው ብዙውን ጊዜ ስፌት እንኳ አይፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ አንድ ጥናት በ205 የስኳር ሕሙማን መርፌውንና ቀዶ ሕክምናውን አወዳድሮ ነበር፤ ከ24 ሳምንት በኋላ የእይታ ልዩነቱ ይህን ያህል አልነበረም፣ ቀዶ ሕክምናው ግን ቶሎ ያጠራል። እኔን ቢጠይቁኝ፣ ሌላ ዓይኑ ደካማ የሆነና በሥራው ላይ ያለ ሰው ለፍጥነቱ ዋጋ ቢሰጥ አይፈረድበትም።

አንድ ነገር ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ሬቲናው ተቀዶ ከነበረ ሐኪሙ መጨረሻ ላይ ዓይን ውስጥ ጋዝ ሊተው ይችላል፤ እንደ ዓይነቱ ከሁለት ሳምንት እስከ ሁለት ወር ይቆያል። ከፍታ ላይ ጋዝ ስለሚለጠጥ የዓይን ግፊት ይንራል፣ እይታንም ሊያጠፋ ይችላል። አውሮፕላን የተከለከለው ለዚህ ነው። መኪናም ቢሆን ያው ነው፦ አዲስ አበባ ታክሞ ወደ ደሴ የሚሳፈር ሰው ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ቲኬት ከመቁረጡ በፊት ጋዙ ማለቁን ሐኪሙን ይጠይቅ።