ትኩሳቱ ከየት መጣ?

በየመን ድንበር አቅራቢያ በምትገኘው ሳምጣ፣ ትኩሳት ይዞት ሐኪም ፊት የሚቀርብ ሰው «ከየት መጣህ? ከብት ነክተሃል?» ተብሎ መጠየቅ ይገባዋል። የጃዛን ክልል ይህን የተማረው በከባድ ዋጋ ነው።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በዚህ ክልልና በአጎራባች የመን ተቀሰቀሰ፤ ከአፍሪካና ከአካባቢዋ ደሴቶች ውጭ ሲታይ ያ የመጀመሪያው ነበር። የበጎችና የፍየሎች ጽንስ ጨነገፈ፤ ሰዎችም ሞቱ። ቫይረሱ ቀደም ሲል በምሥራቅ አፍሪካ ከተሠራጨው ጋር የተዛመደ ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ ለዓለም የሚበቃ ሐኪም ማፍራት ማለት የውጭ አገር ፈተና እንዲያልፍ ማዘጋጀት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በተመሠረተው የጃዛን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የሚማር ወጣት ዓለምን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻውም፤ ዓለም ራሱ ደጁ ድረስ ይመጣለታል። መጽሐፉ እንግሊዝኛ፣ የአገሬው ቋንቋ ዓረብኛ ሲሆን፣ የታማሚው ግን አማርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ሊሆን ይችላል። በአስተርጓሚ በኩል በትዕግሥት መጠየቅን ያልተማረ ሐኪም፣ በደም ምርመራው ምን እንደሚፈልግ ሊስት ይችላል።

ድርሻው የታማሚውም ነው። በግ የጠበቀ፣ ያረደ ወይም ጥሬ ወተት የጠጣ ወገናችን ትኩሳት ሲይዘው፣ ባይጠየቅም ለሐኪሙ ይንገር።