የብረት ቆብ የደፉ ደስተኞች

የጆን ክሪስቶፈር “ነጮቹ ተራሮች” ሲጀምር የሳይንስ ልብ ወለድ አይመስልም። ቦታው የእንግሊዝ ገጠር ነው፤ ወፍጮ ቤት አለ፣ የቤተ ክርስቲያን ግንብ አለ፣ ፈረስ ጋሪ ይጎትታል። የባለወፍጮው ልጅ ዊል የአባቱን የእጅ ሰዓት ሰርቆ ለማሰር ይቋምጣል። በመንደሩ ያለችው የእጅ ሰዓት እሷ ብቻ ናት፤ እንደሷ ያለ ነገር መሥራት የሚያውቅ ሰውም የለም። አንባቢው “የድሮ ዘመን ታሪክ ነው” ብሎ ሲደላደል፣ ባለሦስት እግር ግዙፍ ማሽን ሜዳውን እየረገጠ ብቅ ይላል። ዘመኑ ገና የሚመጣ መሆኑ የሚገባው ያኔ ነው።

ምድርን የሚገዙት ትራይፖድ የሚባሉት እነዚህ ማሽኖች ናቸው። ልጅ 14 ዓመት ሲሞላው አንዱ ትራይፖድ መጥቶ በረጅም የብረት ክንዱ ያነሳውና ሆዱ ውስጥ ያስገባዋል። ልጁ ሲመለስ ጸጉሩ ተላጭቶ፣ የራስ ቅሉ ላይ “ቆብ” የሚሉት የብረት መረብ ተጣብቆበት ነው። ቀኑ ግን የድግስ ቀን ነው፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። የዊል የልብ ጓደኛ ጃክ ቆብ ከመድፋቱ በፊት ስለ ትራይፖዶቹ ይጠይቅ፣ ይጠራጠር ነበር። በማግስቱ ዊል ያንኑ ወሬ ሲያነሳበት፣ የልጅነት ነገር ነው ብሎ በትህትና ያልፈዋል። ለእኔ ከማሽኖቹ ሁሉ የሚያስፈራው ይህ ትህትና ነው።

የደራሲው እውነተኛ ስም ሳሙኤል ዩድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 የስንዴና የሩዝ ዘር ሁሉ በበሽታ ሲጠፋ ሰው ምን ያህል እንደሚከፋ የሚተርክ የአዋቂዎች ልብ ወለድ አሳትሟል። በ1967 “ነጮቹ ተራሮች”ን ለልጆች ሲያሳትምም ነገሩን አላለሳለሰውም።

መጽሐፉን የሚያጣፍጠው አንባቢው ከባለታሪኮቹ ቀድሞ ማወቁ ነው። ዊል፣ የአጎቱ ልጅ ሄንሪና ዣን ፖል የሚባለው ፈረንሳዊ ልጅ ነጻ ሰዎች ወዳሉበት ወደ አልፕስ ተራሮች ሲሸሹ የፈረሰችውን ፓሪስን ያቋርጣሉ። የምድር ውስጥ ባቡር ዋሻ ገብተው እንቁላል የሚያህሉ፣ ቀለበት ያላቸው ብረቶች ያገኛሉ። ምንነታቸውን አያውቁም፤ ያገላብጧቸዋል። የእጅ ቦምብ መሆናቸውን የሚያውቀው አንባቢ ግን ትንፋሹን ይይዛል።

እኔ ግን ከፓሪስ ይልቅ የምወደው የቤተ መንግሥቱን ምዕራፍ ነው። ዊል በትኩሳት ወድቆ አንድ መስፍን ቤት ይታከማል። ይወዱታል፣ እንደ ልጃቸው ያዩታል፤ ኤሎይዝ የምትባለው ልጃቸውም ልቡን ትወስደዋለች። ቢቀር ምን ይጎድልበታል? ቆብ መድፋት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ደራሲው እዚህ አይቸኩልም፤ እኔም ሳነበው “ቅር በቃ” ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር። ከኤሎይዝ በቀር ግን ሚና ያላት ሴት ልጅ የለችም ማለት ይቻላል፤ ይህ ጉድለቱ ነው።

ሁለት ተከታይ መጻሕፍት አሉት። በመጨረሻው፣ ከትራይፖዶቹ ጋር የነበረው ጦርነት ካበቃ በኋላ እንኳ ሰዎች እንደገና በየአገራቸው ተከፋፍለው ሲነታረኩ እናያለን፤ ለልጆች መጽሐፍ መራራ ነው። ቢቢሲ በ1984 እና በ1985 በቴሌቪዥን ሲያቀርበው ሦስተኛውን ክፍል ሳይሠራ አቋርጦታል። በ1988 ደግሞ የትራይፖዶቹን አመጣጥ የሚተርክ ቅድመ ታሪክ መጽሐፍ ታትሟል። ልጅዎ እሱን መጨረሻ ላይ ያንብበው፤ ሚስጥሩን ሁሉ አስቀድሞ ያወጣበታል።