ብድሩ የማይመለስ ሥራ

በሬዲዮ ያደመጣችሁትን ትምህርት በየጁቤ፣ በቢቸና፣ በሞጣና በዙሪያው ያላችሁ በእጃችሁ ይዛችሁ ደጋግማችሁ እንድታነቡት አሳጥረን በጽሑፍ አቅርበነዋል።

“በጎ ፈቃደኛ” የሚለው ቃል ዛሬ በየቦታው ይሰማል። ክረምት ሲገባ በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች የአረጋውያንን ቤት አደሱ፣ ደም ለገሱ፣ ችግኝ ተከሉ ይባላል። ቃሉ ሲደጋገም ግን ትርጉሙ እየሳሳ መጣ። ያለ ክፍያ የሚሠራ ሰው ማለት ብቻ እየመሰለን ነው። እንዲያማ ከሆነ ባሪያም እኮ ያለ ክፍያ ነበር የሚሠራው!

ስለ ባሪያ ካነሳን፣ እስቲ ወደ ፊልሞና መልእክት እንሂድ። አጭር መልእክት ናት፤ አንዲት ምዕራፍ ብቻ። አናሲሞስ የሚባል ባሪያ ከጌታው ከፊልሞና ኮብልሎ ጳውሎስን አገኘው፣ አመነም። ጳውሎስ በእስር ቤት ስለሚያገለግለው እዚያው ሊያስቀረው ይወድ ነበር። ሐዋርያ ነው፣ የማዘዝ ሥልጣን አለው፤ ደግሞም ለፊልሞና ውለታ የዋለለት እርሱ ነው። ነገር ግን ቁጥር 14ን ብታነቡ፣ ያለ ፊልሞና ፈቃድ ምንም ሊያደርግ አልወደደም። ምክንያቱ ምንድን ነው? የፊልሞና በጎነት ከልብ የወጣ እንዲሆን እንጂ ተገዶ ያደረገው እንዳይሆን ብሎ ነው። ልብ በሉ፣ በጎነትና ፈቃድ እዚህ ላይ ተጋጠሙ። ሥራው በጎ ቢሆንም ፈቃድ ከሌለበት ግብር ነው። ፈቃድ ኖሮ ሥራው በጎ ካልሆነ ደግሞ... እሱን እንኳን ሁላችንም እናውቀዋለን።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። የጎጃም ገበሬ አብሮ መሥራትን ከማንም አይማርም። ወንፈል አለን። ዛሬ የእኔን ጤፍ ካጨዳችሁልኝ ነገ እኔ የእናንተን አጭዳለሁ። ሰው በሰው፣ ቀን በቀን ይቆጠራል። ደቦም አለን፤ ጠላ ተጠምቆ፣ እንጀራ ተጋግሮ ጎረቤት ይጠራል፣ የአንድ ሳምንት ሥራ በአንድ ቀን ያልቃል። እነዚህን የሚንቅ ሰው አገሩን አያውቅም። የኅዳር ደመና በታጨደ ጤፍ ላይ ሲያንዣብብ ወንፈል ባይኖር ስንቱ ቤት በረሃብ በተዘጋ ነበር!

ሆኖም ወንፈል ብድር ነው። ሒሳብ አለው። ታዲያ ብድሩን መመለስ የማይችለውስ? ባሏ የሞተባትና ልጆቿ ገና ያልደረሱላት ሴት በማን ጉልበት ወንፈል ትገባለች? ልጆቻቸው ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ የሄዱባቸው አዛውንት አንድ ቀን ቢታጨድላቸው ነገ በምን ጉልበታቸው ሊያጭዱ ነው? ደቦ ልጥራ ብትልስ ጌሾውና ብቅሉ ከየት ይመጣል? እንዲህ ያለው ሰው የሚቀረው ማንም ጠልቶት አይደለም። ሲቆጠር ስሙ አይነሳም፣ በቃ። ክፋት ሳይኖርበት የሚተው ሰው አለ ማለት ነው።

ጌታ በሉቃስ 14 ከቁጥር 12 ጀምሮ የተናገረው ስለዚህ ሰው ነው። ግብዣ ስታደርግ ዘመድህንና ሀብታም ጎረቤትህን ብቻ አትጥራ፣ እነርሱ መልሰው ይጠሩሃልና፤ ድሆችን፣ አንካሶችን፣ ዕውሮችን ጥራ፣ የሚመልሱልህ የላቸውምና የሚል አሳብ ነው ያለው። ጌታ ወንፈልን አልከለከለም። ከወንፈሉ ውጭ የቀረውን ሰው ነው ያሳየን። በጎ ፈቃደኛ ማለት እንግዲህ ብድሩ የማይመለስለትን ሥራ ዐውቆ፣ ወድዶ የሚሠራ ሰው ነው።

ሌላም የሚምታታ ነገር አለ፤ ግዴታ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ “እድገት በኅብረት” ብሎ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አዘመተ። ገበሬውን ከልባቸው የወደዱ፣ ፊደል ያስቆጠሩ፣ የታመመ ያስታመሙ ነበሩባቸው። ነገር ግን ያልዘመተ ትምህርቱን መቀጠል አይችልም ነበርና ዘመቻው በጎ ፈቃድ ነው ማለት አይቻልም። ዛሬም ከመኸር በኋላ ወጥተን እርከን እንሠራለን። “በነጻ ጉልበት” ይባላል፤ ስም ይጠራል፣ የቀረም ይጠየቃል። እኔ ሥራውን አልነቅፍም። አፈራችንን ዓባይ ጠርጎ ሲወስደው ቆሞ ከማየት እርከኑ ይሻላል።

ታዲያ የታዘዘ ሰው በጎ ፈቃደኛ መሆን አይችልም? ይችላል። በጌታ ዘመን የሮም ወታደር መንገደኛውን አስቁሞ “ይህን ሸክም አንድ ምዕራፍ ድረስ ተሸከም” ማለት ይችል ነበር። ምዕራፍ እዚህ ላይ የመንገድ ልክ ነው። ጌታ በማቴዎስ 5፥41 ሁለተኛውንም አብረኸው ሂድ አለ። የመጀመሪያው ምዕራፍ የቄሣር ነው። ሁለተኛውን ግን ማንም አላዘዘም። እርከን ሠርታችሁ ስማችሁ ከተጠራ በኋላ ወደ ቤት ስትመለሱ፣ የዚያችን ባል የሌላትን ሴት የፈረሰ አጥር ቆም ብላችሁ ብታቆሙላት፣ እሱ ሁለተኛው ምዕራፍ ነው።

የሞጣ ሰው ሰባራ ድልድይን ያውቃል። ዓባይ ላይ ጎጃምንና በጌምድርን የሚያገናኝ፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአፄ ፋሲል ጊዜ ተሠራ የሚባለው የድንጋይ ድልድይ ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን መካከሉ ፈረሰና “ሰባራ” ተባለ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሰው እንዴት ይሻገር ነበር? ሰዎች ከወዲያና ከወዲህ በተሰበረው አፋፍ ላይ ይቆማሉ፣ ገመድ ይወረወራል፣ ተሻጋሪው ወገቡን ታስሮ ከወራጁ ውኃ በላይ እየተንጠለጠለ ይጎተታል። ገበያተኛውም፣ በሽተኛውም፣ ለቅሶ የሚደርሰውም እንዲሁ ነበር የሚሻገረው።

በ2001 እ.ኤ.አ. ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ የዚህን ገመድ ጉተታ ሥዕል ናሽናል ጂኦግራፊክ በሚባለው መጽሔት ላይ አየ። ሰውየው ግንባታ ያውቃል። እንደ እኛ “አይ ምስኪን!” ብሎ ገጹን መግለጥ ይችል ነበር። እርሱ ግን ወንድሙንና ሌሎችን አስተባብሮ መጣ፤ ከአገሬው ሰው ጋር አብሮ በመሥራት በ2002 እ.ኤ.አ. የተሰበረው መካከል በብረት ተገጠመ። ሰው በእግሩ ተሻገረ። ከዚህም ሥራ የተነሣ በሌሎች አገሮች የእግር ድልድይ የሚሠራ ድርጅት ተመሠረተ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለን። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ዓባይ ሞልቶ ያን ጥገና ወሰደው። እዚህ ላይ ነው ፈቃድ የሚፈተነው። ብዙ የበጎ ፈቃድ ሥራ የሚሞተው መጀመሪያ ላይ ሳይሆን ጎርፉ ሲመጣ ነው። ፎቶው ተነሥቷል፣ ምስጋናው ተቀብሏል፣ ከእንግዲህ ማን ይመለስ? እነዚያ ሰዎች ግን ተመለሱ። በ2009 እ.ኤ.አ. ጎርፍ የማይደርስበት፣ በብረት ገመድ የተንጠለጠለ የእግር ድልድይ እዚያው አቅራቢያ ሠሩ። እኔን ከመጀመሪያው ሥራ ይልቅ ይህ መመለስ ነው የሚነካኝ። ደግሞም አንድ ነገር እንዳንረሳ፦ ሥዕሉ ታትሞ ከመድረሱ በፊት፣ መጽሔት ያላያቸው፣ በገደሉ አፍ ቆመው ገመዱን የያዙ እጆች ነበሩ።

አሁን የእኛን ቤት ጉዳይ እናንሳ። ቢመርም ይነገር። በአካባቢያችን ወንጌላውያን ጥቂት ነን። አንድ ቤት ስንጠግን፣ አንድ በሽተኛ ስንጠይቅ፣ “በዱቄትና በዘይት ሰው ሊገዙ ነው” የሚል ወሬ ይከተለናል። ሰዎች ስማችንን አጠፉ ብለን ከማዘናችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ። የረዳነው ሰው ወደ ጉባኤያችን ሳይመጣ ሲቀር ቅር ይለናል? ቅር ካለን ያደረግነው ወንፈል ነበር ማለት ነው። እኛ ዱቄት፣ እርሱ ነፍሱን። ይሄ ደግሞ ከገበሬው ወንፈል የባሰ ነው፤ ገበሬው ሒሳቡን አስቀድሞ ይናገራል፣ እኛ ደብቀን ይዘነዋል።

ጌታ ዐሥር ለምጻሞችን ፈወሰ፣ ሉቃስ 17። ተመልሶ ያመሰገነው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ሳምራዊ። ዘጠኙስ የት ናቸው ብሎ ጠይቋል፤ ነገር ግን ለምጻቸው አልተመለሰባቸውም። ወንጌልን አንሰብክ ማለቴ አይደለም። ስለ ጌታ ለጠየቀን ሁሉ በደስታ እንመሰክራለን። እርዳታችንን ግን መንጠቆ አናድርገው።

መልካም ሥራ የእኛ ብቻ መስሎ የሚታየውም ሰው ወ/ሮ አበበች ጎበናን ያስብ። በ1980 እ.ኤ.አ. ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወደ ወሎ ሄደው ረሃብ የፈጀውን ሕዝብ አዩ። ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ፤ ዓመት ሳይሞላ በቤታቸው 21 ልጆች ሆኑ። ከቤተ ሰብ “ወይ ልጆቹን ወይ እኛን” ሲባሉ ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ። በ2021 እ.ኤ.አ. እስኪያርፉ ድረስ ስንቱን አሳደጉ! ሳምራዊው ከተጎዳው ሰው አጠገብ ሲቆም ካህኑና ሌዋዊው ወዴት እንደሄዱ እናውቃለን። እኛ በምሳሌው ውስጥ የትኛው እንደሆንን አስቀድመን አንፍረድ።

አንዳንዱ ደግሞ “ብዙ ካገለገልኩ እግዚአብሔር ይቆጥርልኛል” ይላል። ወገኔ፣ ይሄም ወንፈል ነው፤ ከእግዚአብሔር ጋር የተገባ ወንፈል። ኤፌሶን 2 ከቁጥር 8 እስከ 10 ቅደም ተከተሉን ያሳየናል፦ መዳናችን በጸጋ ነው፣ መልካሙ ሥራ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ክርስቶስ ለእኛ ያደረገው ብድሩ የማይመለስ ነው። ማን ሊመልሰው? ከዚህ ዕዳ ነጻ የወጣ ሰው ነው እንግዲህ ሳይቆጥር መስጠት የሚችለው።

ለሽማግሌዎችና ለመሪዎችም አንድ ቃል አለኝ። በጎ ፈቃደኛን አታድክሙ። የሰንበት ትምህርት የምታስተምረው፣ አዳራሹን የምታጸዳው፣ ለእንግዳ ምግብ የምታዘጋጀው አንዲት እህት ከሆነች፣ ዮቶር ለሙሴ የሰጠውን ምክር በዘፀአት 18 አንብቡ። የቀጠራችሁትን ዘበኛ ደመወዝ “ለጌታ ነው” ብላችሁ አታስቀሩ። ያ በጎ ፈቃድ አይደለም፤ ያዕቆብ በምዕራፍ 5 የጮኸበት የተያዘ ደመወዝ ነው። ፈቃዱን የሰጠው ራሱ ሰውየው ካልሆነ እናንተ ልትሰጡለት አትችሉም።

“እኔ ምን አለኝ?” ለምትሉ፣ ዶርቃ የነበራት መርፌና ክር ነው፣ ሐዋርያት ሥራ 9። ስትሞት መበለቶቹ ለጴጥሮስ ያሳዩት የሰፋችላቸውን ልብስ ነው። ማንበብ የሚችል ለማያነብ ደብዳቤ ያንብብ። ጉልበት ያለው ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ስትወጣ ትከሻውን ያቅርብ። ጊዜ ያለው የታመመ ይጠብቅ፣ ቤተ ሰቡ ይተኛ። የምትችሉትን ያህል ቃል ግቡ፤ ማክሰኞ ካላችሁ ማክሰኞ ተገኙ።

ሰኔ ሳይገባ ጣሪያው የሚያፈስ ቤት በቀበሌያችሁ አለ። የማን እንደሆነ ካላወቃችሁ፣ ባለፈው መኸር ወንፈል ስትቆጥሩ ስሙ ያልተነሳው ማን እንደነበር አስታውሱና ወደ ደጁ ሂዱ።