ሾፌሩ ሥራ ለቆ መኪናው ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ ቢቀር

ከጅማ የሚመለስ ሾፌር ወልቂጤ ላይ፣ ከሆሳዕና የሚመለሰው ደግሞ ቡታጅራ ላይ የጭነት መኪናውን ዳር አስይዞ «ሥራ ለቅቄአለሁ፣ ሰው ላኩ» ብሎ ስልኩን ሊዘጋ ይችላል። ሁለቱም ከተሞች ከአዲስ አበባ ከ160 ኪሎ ሜትር አይርቁም፤ በማለዳ የተነሣ ሰው በዚያው ቀን መኪናውን ይዞ ይመለሳል። ነገሩ የሚከብደው መኪናውን ማምጣትና ከሾፌሩ ጋር ያለው ጠብ ሲቀላቀሉ ነው። ለየብቻ ይያዙ።

ከሁሉ በፊት ጥበቃ

በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2081 መሠረት መኪና ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ይጠየቃል፤ የነዳው ሰው ፈቃድ ያልተሰጠው ቢሆን እንኳ፣ መኪናው ተሰርቆ እንደነበር ካላስረዳ በቀር። ስለዚህ ቁልፉ ማን እጅ እንዳለ ወዲያው ይጣራ። ረዳቱ እዚያው ካለ ጋቢናውን ቆልፎ እንዲጠብቅ የምግብና የማደሪያ ይላክለት። ከሌለም በከተማው የሚታመን ዘመድ ወይም ደንበኛ አጠገቡ ይቁም።

ምን ይያዝ?

ሊብሬ፣ የኢንሹራንስ ወረቀት፣ መታወቂያና ትርፍ ቁልፍ። ባለቤቱ ራሱ ካልሄደ ውክልና፣ መኪናው የድርጅት ከሆነ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ያስፈልጋል። የአዲሱ ሾፌር መንጃ ፈቃድ ለዚያ መኪና የሚበቃ ይሁን። ቁልፍ አልሰጥም የሚል ካለ ለከተማው ፖሊስ የሆነውን እንደሆነ መንገር ነው። ሥራ መልቀቅ ስርቆት አይደለምና «ተሰረቅሁ» ብሎ ማመልከት በሐሰት መወንጀል ይሆናል።

ሞተር ከመነሣቱ በፊት

መኪናው እንደቆመ ፎቶ ይነሣ፦ ጎማዎቹ፣ ስኮርታው፣ ክሪኩ፣ ባትሪው፣ ሸራው፣ የኪሎ ሜትር ንባቡ፣ የናፍጣው መጠን። ሁሉም በወረቀት ሰፍሮ ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት። ጭነት ካለ ባለጭነቱ ወይም ወኪሉ ባለበት ይቆጠር። ዘይትና ውኃ ይታይ፤ የአየር ፍሬን ያለው መኪና አየሩ ሳይሞላ አይንቀሳቀስ። ሾፌሩ የለቀቀው «ፍሬኑ አይዝም» ብሎ ከሆነ፣ መካኒክ ሳያየው ሌላ ሰው እንዲነዳው ማድረግ በሰው ሕይወት መጫወት ነው።

የሾፌሩ ሒሳብ

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ይለቃል። አሠሪው ግዴታውን ደጋግሞ ካጓደለ፣ ወይም ለሕይወትና ለጤና የሚያሰጋ አደጋ መኖሩን እያወቀ ዝም ካለ፣ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። ያለ በቂ ምክንያት ከለቀቀ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ባለመስጠቱ የሚከፍለው ካሣ ከ30 ቀን ደመወዙ አይበልጥም።

ደመወዙና ሌላው ክፍያው በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት፤ ቁልፍ ወይም ንብረት በራሱ ጥፋት ሳይመልስ ካዘገየ ግን ጊዜው ሊራዘም ይችላል። ናፍጣ ወይም ጎማ ሸጦ ከሆነ ነገሩ እምነት ማጉደል ነው፤ በማስረጃ ለፖሊስ ይቀርባል።

ብዙ ሾፌር መኪና መንገድ ላይ የሚተወው ደመወዙና አበሉ እንደማይከፈለው ሲያምን ነው። ስለዚህ የቅጥር ውሉ ላይ ሥራ የሚለቅ ሾፌር መኪናውን የት፣ ለማን እንደሚያስረክብና ሒሳቡ በስንት ቀን እንደሚዘጋለት በግልጽ ይጻፍ። ያስረከበ ሁሉ ገንዘቡን በቀኑ ከተቀበለ፣ ቀጣዩም ሾፌር መኪናውን ግቢ ድረስ ለማምጣት ምክንያት ይኖረዋል።