ስለ ኤሌክትሪክ ቢስክሌት የኋላ ሾክ

የቀድሞ ሰው በቅሎ ሲገዛ አስቀድሞ የሚመረምረው ቁመቷን ወይም መልኳን አልነበረም፤ ሰጋር መሆኗን ነበር። ሰጋር በቅሎ በዳገትም በቁልቁለትም ስትሄድ የተቀመጠባትን ሰው ወገብ አትጎዳም፤ ሰጋር ያልሆነችው ግን የአንገቷ ጌጥ ምንም ያማረ ቢሆን፣ የአንድ ቀን መንገድ ሄዳ ስትገባ ባለቤቷን አልጋ ላይ ታጋድመዋለች። ዛሬ በአዲስ አበባ ከተማ የበቅሎን ስፍራ የያዘው ልዩ ልዩ መጓጓዣ ነው፤ ከነዚሁም አንዱ በባትሪ ኀይል የሚረዳው የተራራ ቢስክሌት ነው። ይህን ለመግዛት የተነሣ ሰው የሚጠይቀው ባትሪው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚያስኬድና ሞተሩ ስንት ዋት እንደ ሆነ ነው። ከኮርቻው በታች ተሸሽጎ ወገቡን የሚጠብቅለትን ዕቃ፣ ይኸውም የኋላውን ሾክ፣ የሚያስታውስ ከስንት አንድ ነው።

ቢስክሌት ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1949 ዓ.ም. በኅዳር ወር ኢትዮጵያ በሜልቦርን ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለች ጊዜ፣ ከሯጮቹ ጋራ የቢስክሌት ተወዳዳሪዎችም ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባም ከነዚያ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። የዚያ ዘመን ቢስክሌት ሞላ የሚባል ነገር አልነበረውም። መንገዱ ሲያንገጫግጭ የሚችለው በጎማው ውስጥ ያለው አየርና የነጂው ክንድ ብቻ ነበር። በውጭ አገርም ቢሆን ነገሩ እንዲሁ ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1970ዎቹ በካሊፎርንያ በማሪን አውራጃ እነ ጆ ብሪዝ፣ ጋሪ ፊሸርና ቶም ሪቺ አሮጌ ቢስክሌት እያደሱ፣ በኋላም አዲስ እየሠሩ ከተራራ ቁልቁል መንዳት በጀመሩ ጊዜ፣ ያለ ሞላ ነበር የሚወርዱት። በ1989 ፖል ተርነር ሮክሾክስ የተባለውን ኩባንያ አቋቁሞ ለፊተኛው መንኰራኵር ሾክ ካወጣ በኋላ ነገሩ ተለወጠ፤ በተከታዮቹ ዓመታትም ሾኩ ወደ ኋለኛው መንኰራኵር ተሻገረ።

ሾክ ሲባል ብዙ ሰው ሞላውን ብቻ ያስባል። ይህ ስሕተት ነው፤ ከስሕተቱም ብዙ ጉዳት ይመጣል። ሾክ ሁለት ሥራ የሚሠሩ ሁለት ነገሮች በአንድነት የተጣመሩበት ዕቃ ነው። አንደኛው ሞላው ነው፤ የብረት ጥምዝ ወይም የታመቀ አየር ሊሆን ይችላል፤ ሥራውም ክብደትን መሸከምና ሲመታ መሸሽ ነው። ሁለተኛው በውስጥ ያለው ዘይት ነው። ሞላ የተቀበለውን ኀይል መልሶ የሚሰጥ ሐቀኛ ባለ ዕዳ ነው፤ ጉድጓድ ሲመታው የተጨመቀውን ያህል መልሶ ይፈናጠራል፤ ነጂውንም ከኮርቻው ያነሣዋል። ዘይቱ ግን የሐኪም መርፌ መድኀኒቱን በቀጭን ቀዳዳ እንደሚያወጣ ሁሉ፣ በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ሲያልፍ ያንን ኀይል ወደ ሙቀት ለውጦ ያጠፋዋል። ዘይት የሌለው ሾክ ስለዚህ ሾክ አይባልም፤ ሞላ ነው። በዝቅተኛ ዋጋ ከሚሸጡት ቢስክሌቶች በብዙዎቹ ላይ ከኋላ ተሰክቶ የሚታየው ቀይ ወይም ጥቁር ጥምዝም ይኸው ባዶ ሞላ ነው።

በኤሌክትሪክ በሚረዳው ቢስክሌት ላይ ጉዳዩ ይልቁን ይከብዳል። ሞተር የሌለው የተራራ ቢስክሌት ከ13 እስከ 15 ኪሎ ግራም ቢመዝን፣ ባለ ሞተሩ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ክብደቱ የተቀመጠበትም ስፍራ ታላቅ ልዩነት አለው። ሞተሩ በፔዳሉ መካከል የተሠራ እንደ ሆነ ክብደቱ ከሞላው በላይ ስለሚውል ሾኩ ይሸከመዋል። ሞተሩ በኋለኛው መንኰራኵር እምብርት ውስጥ የተሠራ እንደ ሆነ ግን ሦስት፣ አራት ኪሎ ግራም ወይም ከዚያ የሚበልጥ ብረት ከሞላው በታች ይውላል፤ መንኰራኵሩ ድንጋይ መትቶ በተነሣ ቁጥር ያ ሁሉ ብረት አብሮ ይነሣል፤ ሲወርድም አብሮ ይወርዳል። ይህን ልጓም አድርጎ የሚይዘው ዘይት ብቻ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ይህንም ብዙ ሰው አያስተውለውም። ከአብነት ተነሥቶ በተክለ ሃይማኖትና በፒያሳ አልፎ፣ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ የሚወጣ ነጂ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ከፍታ ይወጣል። ሰውና ቢስክሌት ተደምረው 100 ኪሎ ግራም ቢሆኑ፣ ይህን ከፍታ ለመውጣት ብቻ 160 ዋት ሰዓት ያህል ኀይል ያስፈልጋል፤ በመንገድ የሚባክነው ሲጨመር ከ200 ያልፋል። የነጂው እግር ከዚሁ ከፊሉን ስለሚሰጥ፣ 500 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያለው ሰው ዳገቱን በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ሊወጣ ይችላል። በእግሩ ብቻ የሚወጣው ግን በሳምንት አንድ ጊዜ ቢወጣ ራሱን ያመሰግናል። ሞተሩ ዳገቱን አቀለለ ማለት ቁልቁለቱን አበዛ ማለት ነው፤ በቁልቁለት የሚደክመው ደግሞ ፍሬንና ሾክ ነው። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከነቢስክሌት መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ፣ በከተማውም የኮሪደር ልማት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የቢስክሌት መሥመር ከተጨመረ ወዲህ፣ ይህ ነገር ለጥቂት ስፖርተኞች ብቻ የሚነገር ወሬ መሆኑ ቀርቷል።

እንግዲህ አንድ የአብነት ነዋሪ የኋላውን ሾክ በተሻለ ለመለወጥ ቢቈርጥ ከየት ይጀምራል? ብዙዎች የሚጀምሩት ከመግዛት ነው። ነገር ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው እዚህ ላይ ይደርሳል። ብዙ ጊዜ የሚያንገጫግጨው ሾኩ ሳይሆን ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ ነው። ብዙ ጊዜም የሚንቋቋው ሾኩ ሳይሆን የኋላው ክንድ የሚዞርበት ኩሽኔታ ወይም ሾኩ የታሠረበት ቡሎን ነው። ስለዚህ ቢስክሌቱን አንሥቶ የኋላውን መንኰራኵር ወደ ጎን መነቅነቅ ይገባል፤ ልቅነት ካለ አስቀድሞ እርሱ ይጠገን። ኩሽኔታ ከሾክ ጋራ ሲነጻጸር ዋጋው እጅግ ጥቂት ነው።

ጥፋቱ የሾኩ መሆኑ በተረጋገጠ ጊዜ ሁለት ልክ ይወሰዳል። አንደኛው ሾኩ ከሚታሠርበት ቀዳዳ መካከል እስከ ሌላው ቀዳዳ መካከል ያለው ርዝመት ነው። ሁለተኛው ሾኩ ሲጨመቅ የሚገባው ርቀት ነው። 210 በ55 ተብሎ የተጻፈ ሾክ ርዝመቱ 210፣ የሚገባው 55 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። እነዚህ ቁጥሮች በግምት የሚታለፉ አይደሉም። የኋላው መንኰራኵር 150 ሚሊ ሜትር በሚነሣበት ቢስክሌት ላይ ሾኩ የሚገባው 60 ብቻ ቢሆን፣ መንኰራኵሩ ከሾኩ ሁለት ተኩል እጥፍ ይሄዳል። ስለዚህ በ10 ሚሊ ሜትር የረዘመ ሾክ የገጠመ ሰው የቢስክሌቱን ጀርባ 25 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ያደርገዋል፤ ቁልቁለት ሲጀምር ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይጣላል፤ መሪውም ይቀልበታል። ያጠረ የገጠመ እንደ ሆነ ፔዳሉ ድንጋይ ይመታል። ከልኩ አልፎ የሚገባ የገጠመ እንደ ሆነ ደግሞ፣ ጎማው ተነሥቶ ከኮርቻው በታች ያለውን ቱቦ ይመታል፤ በፍጥነት በሚወርድ ሰው ላይ ይህ ቢደርስ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም።

ከአብነት ብዙ በማይርቀው በሱማሌ ተራ የማይገኝ የመኪና ዕቃ የለም ይባላል፤ የባጃጅና የሞተር ሳይክል ሾክም ሞልቷል። ከዚህ የተነሣ ለቢስክሌቱ ከሞተር ሳይክል ሾክ አንዱን መርጦ፣ ቀዳዳውን በመፍጫ አስፍቶ ለማሠር መፈለግ የሚያስደንቅ አይደለም። የባለ እጆቹ ብልኀት የሚመሰገን ነው፤ በሌላ ስፍራ ብዙ ዕቃ አድኗል። እዚህ ግን አይሠራም። የሞተር ሳይክል ሞላ የተሠራው ከመቶ ኪሎ ግራም ለሚበልጥ ብረት ስለ ሆነ በቢስክሌት ላይ ሲገባ እንደ አጣና ይገትራል፤ ኀይሉም ሁሉ ወደ ቢስክሌቱ አካል ያልፋል። የቢስክሌቱ አካል አሉሚኒየም ነው፤ በመበየጃ ሙቀት ጥንካሬውን ያጣል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ከተሰነጠቀ እንደ ብረት በቀላሉ የሚበየድ አይደለም። «ይህ አይገጥምም፤ ገንዘብህን ያዝ» ብሎ የሚመልስ ሠራተኛ የተገኘ እንደ ሆነ፣ ደንበኛው ያን ሰው አጥብቆ ቢይዝ ይሻለዋል።

የአየር ሾክ ይሻላል ወይስ የብረት ሞላ? የአየሩ ቀላል ነው፤ በአየሩ መጠን ለከባዱም ለቀላሉም ሰው ይስተካከላል፤ ወንድምና ወንድም በሚዋዋሱት ቢስክሌት ላይ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ዳሩ ግን አየሩ የሚነፋው ብዙውን ጊዜ ከ150 እስከ 250 ፒ.ኤስ.አይ. ድረስ ነው። ይህን ጎማ በሚነፋበት ኮምፕሬሰር መሙላት አይቻልም፤ ለዚሁ የተሠራ ጠባብ የእጅ ፓምፕ ያስፈልጋል። ፓምፑ ሲነቀል ትስ የሚለው አየር የቱቦው እንጂ የሾኩ አይደለም፤ መልሶ ለመለካት በተሰካ ቁጥር ግን ቱቦው ከሾኩ አየር ይካፈላልና ልኩ የጐደለ ይመስላል። የአዲስ አበባ ከፍታ ያመጣዋል ተብሎ የሚፈራው ለውጥ ግን ጥቂት ነው። በባሕር ጠረፍ የተነፋ ሾክ እዚህ ሲደርስ በመለኪያው ላይ ሦስት ተኩል ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ብቻ ጨምሮ ይታያል።

የብረት ሞላው ከባድ ነው፤ ነገር ግን ፓምፕ አይፈልግም፤ አቧራና ጭቃም እንደ አየሩ አያስቸግረውም። በላዩ 450 በ2.25 የተባለ ጽሕፈት ቢገኝ፣ አንድ ኢንች ለመጨመቅ 450 ፓውንድ እንደሚፈልግና እስከ 2.25 ኢንች ለሚገባ ሾክ እንደ ተሠራ ያስረዳል። ሞላው ለነጂው የላላ እንደ ሆነ መለወጥ ነው እንጂ፣ ቀለበቱን እያጠበቁ ማስጨነቅ መፍትሔ አይሆንም። መካከለኛ ዋጋ ባለው፣ ሞተሩም በኋለኛው መንኰራኵር ባለበት ቢስክሌት ላይ፣ ዘይት ያለው የብረት ሞላ ለአዲስ አበባ ኮረኮንች የሚበልጥ ምርጫ ነው። በፔዳሉ መካከል ሞተር ላለውና ጥሩ ሆኖ ለተሠራው ግን የአየሩ ይስማማዋል፤ ባለቤቱ ፓምፑን አብሮ ይግዛ።

ስለ ዋጋው ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። በስም የታወቁት ሾኮች በመቶዎች በሚቆጠር የአሜሪካ ዶላር ይሸጣሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ አስቀድሞ ለአንድ ዶላር 57 ብር ያህል ይከፍል የነበረ ሰው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከመቶ ብር በላይ የሚከፍል ሆነ። በዚያው ዓመት መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሎ ለኤሌክትሪኩ መንገድ ከፍቷል። ተሽከርካሪው ሲገባ መለዋወጫውና ጥገናው ተከትሎ ካልገባ ግን፣ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ዕቃ ሁሉ በአንድ ፓራኦሊ ምክንያት ግድግዳ ተደግፎ ይቀራል። የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶች የመኪናውን ባትሪ ሲያስተምሩ የቢስክሌቱንም ሾክ ቢጨምሩበት ትርፍ ድካም አይደለም። የታወቁት ሠሪዎች የአየሩ ክፍል በየ50 ሰዓት መንዳት ተከፍቶ እንዲጸዳ፣ ዘይቱም በየጊዜው እንዲለወጥ ያዛሉ፤ ይህ ለአንድ ሠፈር ባለ ሙያ የዘወትር እንጀራ የሚሆን ሥራ ነው።

ነገር ግን ሥራው ከድፍረት ጋራ አይሄድም። አየሩ ሳይወጣ የተከፈተ ሾክ እንደ ጥይት ይተኩሳል፤ ክዳኑ ዐይንና ጥርስ ሊያጠፋ ይችላል። አንዳንዱም ሾክ ከአየሩ ክፍል ሌላ በውስጡ በከፍተኛ ግፊት የታመቀ ናይትሮጅን አለው፤ ለዚህ ልዩ መሣሪያ የሌለው ሰው ሊነካው አይገባም። ቢስክሌቱን ላቫጆ ወስዶ በኀይለኛ ውሃ ማስመታትም ውሃውን ወደ ኩሽኔታውና ወደ ሞተሩ ያስገባል፤ እርጥብ ጨርቅ ይበቃል።

አዲሱ ሾክ ከታሠረ በኋላ ነጂው የሚሸከመውን ቦርሳ ሳያስቀር ተቀምጦበት፣ በዘንጉ ላይ ያለችው የላስቲክ ቀለበት የት እንደ ቆመች ይለካ። ጥሩው ልክ ከሚገባው ርቀት ከአራት አንድ እጅ እስከ ከመቶ ሠላሳ እጅ ነው፤ 55 ሚሊ ሜትር ለሚገባ ሾክ ከ14 እስከ 16 ተኩል ማለት ነው። ከዚህ ያነሰ የገባ እንደ ሆነ ሾኩ ደርቋል፤ የበለጠ የገባ እንደ ሆነ ላልቷል። ከዚያ በኋላ ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ተቀምጦ አንድ ጊዜ ይውረድ፤ ቢስክሌቱ አንድ ጊዜ ተነሥቶ ቢረጋ የዘይቱ ልክ ደኅና ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢያረግድ የመመለሻውን ቁልፍ ጥቂት ማጥበቅ ያሻል። የመጀመሪያውን የእንጦጦ ቁልቁለት ወርዶ ሽሮ ሜዳ ሲደርስ ደግሞ ቡሎኖቹን እንደ ገና ይፈትሽ፤ የፍሬኑ ዲስክ ያቃጥላልና እርሱን ሳይነካ እጁን በሾኩ አካል ላይ ያኑር፤ ለብ ብሎ ያገኘው እንደ ሆነ ዘይቱ ሥራውን ይዟል።