ፕላስቲክን ከባሕር ደለል ስለ መለየት

እዚህ አቡ ዳቢ፣ ሙሐመድ ቢን ዛይድ ሲቲ የምትኖሩ ወገኖች፣ ሥራዬ የቤተ ሙከራ መሆኑን ስለምታውቁ፣ «ፕላስቲክ ይንሳፈፋልና አሸዋውን በውኃ አጥቦ ከላይ የመጣውን መግፈፍ አይበቃምን?» እያላችሁ ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ፣ ይህ አሳብ ግማሹን እውነት ብቻ የያዘ መሆኑን ላስረዳ ወደድሁ።

በውኃ ላይ የሚሰፍፉት እንደ ፖሊኤቲሊንና ፖሊፕሮፒሊን ያሉት ቀላሎች ናቸው፤ የውኃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፔት ግን በሚሊ ሊትር 1.38 ግራም ያህል ስለሚመዝን ይሰጥማል። በገበታ ጨው የጠገበ ውኃ እንኳ እፍግታው 1.2 ብቻ ስለሆነ፣ ርካሽና ጉዳት የሌለው ቢሆንም፣ ፔትን ወደ ላይ ሊያነሣ አይችልም።

ስለዚህ እፍግታው ከ1.5 በላይ የሚደርሰው የዚንክ ክሎራይድ ሙሙት ይመረጣል፤ ከ2.6 በላይ የሆነው የአሸዋ ማዕድን ከታች ሲቀር ፕላስቲኩ ይንሳፈፋል። ነገር ግን የአቡ ዳቢ ዳርቻ አሸዋ የዛጎል ስብርባሪ የበዛበት በመሆኑ፣ አሲዳማው ዚንክ ክሎራይድ ሲነካው አረፋ ያስነሣል፤ እኔ ለእንዲህ ያለው ደለል፣ ዋጋው ቢከብድም፣ ሶዲየም አዮዳይድን እመርጣለሁ።

ከማንግሩቭ ሥር የተወሰደ ጭቃ የበሰበሰ ቅጠል ስለሚበዛበት፣ ሙቀቱ እንዳይበረታ እየተጠበቀ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይጸዳል። ከተጣራ በኋላም በዓይን ብቻ መፍረድ አይገባም፤ የእያንዳንዱን ቅንጣት ባሕርይ የታህተ ቀይ ጨረር መሣሪያ ይመሰክራል። ከልብሳችን የሚረግፈው ክር ደግሞ ውጤቱን እንዳያበላሽ፣ የጥጥ ካባ መልበስና ደለል የሌለበት ባዶ ናሙና አብሮ መመርመር ግዴታ ነው።

ነገሩ የባሕር ብቻ አይደለም፤ በ2020 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የታተመ ጥናት በዝዋይ ሐይቅ ደለልና ዓሦች ውስጥ ፕላስቲክ መገኘቱን አስታውቋል። ጥያቄ ያላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ በትጋት እመልሳለሁ።